«ኢንሻአላህ ይቆረጣል» ያልነው ዛፍ



ዛሬ የምጽፈው ስለ ዛፍ ነው። ስለ ችግኝ ተከላ አይደለም፤ ስለሱ ብዙ ተብሏል። የምጽፈው ስለ መቁረጥ ነው። በሰው ቤት መሐል ስለቆመ፣ ከተተከለ ሠላሳ አርባ ዓመት ስለሞላው ትልቅ ዛፍ። ርዕሱ ቀላል መስሎህ ልታልፈው ከሆነ መጀመሪያ ወደ ደጅ ውጣና ከግቢህ ወደ ጎረቤትህ ጣሪያ ያጋደለ ነገር እንዳለ አየት አድርገህ ተመለስ።

ያደግኩት ደሴ ነው። ደሴን የሚያውቅ ሰው ሰፈሩ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት መሆኑን፣ የአንዱ ቤት ጣሪያ ከሌላው ደጅ ሥር እንደሚውል ያውቃል። የኛ ግቢ ጥግ ላይ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ አያቴ የተከሉት ባሕር ዛፍ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን አቅፎ እጁን አያገናኝበትም። ወደ እኛ ቢያጋድል ኖሮ ገና ድሮ በተቆረጠ ነበር። ያጋደለው ግን ከታች ወዳለችው ጎረቤታችን ቤት ነው። ባላቸው ከሞቱ የቆዩ፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ይዘው የሚኖሩ እናት ናቸው። ክረምት በገባ ቁጥር ይመጣሉ። ቡና ይጠጣሉ፣ ስለ ሌላው ሁሉ ያወራሉ፣ ሊሄዱ ሲነሱ በሩ ላይ ቆም ይሉና ለእናቴ «እንዲያው ይቺን ዛፍ አንድ ነገር ብታደርጓት፤ ሌሊት ንፋስ ሲነሳ ልጆቹን እየቀሰቀስኩ ወደዚያኛው ክፍል ነው የማዞራቸው» ይሏታል። እናቴም «ኢንሻአላህ፣ ዘንድሮ ይቆረጣል» ትላለች። ሦስት ክረምት እንዲህ አለፈ።

እናቴን ለመውቀስ አይደለም። አባቴም እኔም እዚያው ነበርን። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ቃሉን የተጠቀምንበት «አላህ ከፈቀደ አደርገዋለሁ» በሚል ትርጉሙ አልነበረም። «አሁን ተዉን» ለማለት ነበር። ሴትየዋም ይህን ያውቁት ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ በየዓመቱ መምጣታቸውን ግን አላቋረጡም።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ በሌሊት ወድቆ አጥሩን ሰበረ። ያኔ ነው የደነገጥነው። ሁለት ሰው አስመጥተን አሳየን። የመጀመሪያው ዛፉን ዙሪያውን ዞሮ አየና «ይሄ ተገንድሶ የሚጣል አይደለም። ከላይ እየተቆራረጠ በገመድ እየወረደ ነው የሚያልቀው። አራት ሰውና ሁለት ቀን ይፈልጋል» ብሎ ዋጋ ጠራ። የጠራው ዋጋ የአባቴን የሦስት ወር ጡረታ ያክላል። ሁለተኛው «እኔ ገንዘብ አልፈልግም፤ እንጨቱን ስጡኝ፣ በግማሽ ቀን አወርድላችኋለሁ» አለ። የትኛውን እንደመረጥን መገመት አያቅትህም።

ሰውየው ራሱ አልወጣም። የወጣው ይዞት የመጣው ልጅ ነው፤ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ቢሆን ነው። ሌሊቱን ሲዘንብበት ያደረ ግንድ ላይ በባዶ እግሩ፣ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ወገቡን በአንዲት የናይለን ገመድ አስሮ ወጣ። ከሥር ቆመን «ማሻአላህ፣ እንደ ጦጣ ነው!» እያልን አየነው። ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ሲደርስና ጥቂት ሲመታው ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሳያልቅ ተሰነጠቀ። እንጨቱ ወርዶ የጎረቤታችንን ማድ ቤት ጣሪያ ሰብሮ ገባ፤ ልጁ ደግሞ በገመዱ ተወዛውዞ ከግንዱ ጋር ተላተመና ክርኑ ተሰበረ። አልሐምዱሊላህ፣ የሞተ የለም። ማድ ቤቱ ውስጥ ያን ሰዓት ሰው አልነበረም። ከአሥር ደቂቃ በፊት ግን ነበር።

ማታ ግቢያችን የተሰበሰበው ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ቃል ነው፦ «ቀደር ነው»። ቀደር መሆኑን ሙስሊም የሆነ ሰው አይክድም። ነገር ግን ይህን ቃል ለተጎዳው ሰው ማጽናኛ ሳይሆን ለጎዳው ሰው መደበቂያ ስናደርገው አንድ የተበላሸ ነገር አለ። ያ ልጅ እርጥብ ግንድ ላይ የወጣው እኛ የሦስት ወር ጡረታ ስላተረፍን ነው። «ያተረፍነው» ብር ከየት እንደመጣ ማታውኑ ታየ፤ ከልጁ ክርንና ከጎረቤታችን ጣሪያ ነው የመጣው። በሰፈራችን ትልቅ ዛፍ በርካሽ ተቆረጠ ሲባል ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው። ዋጋው አልቀነሰም፤ ከባለቤቱ ኪስ ወጥቶ አቅም ወደሌለው ሰው ተዛወረ እንጂ።

እነዚህ ዛፎች ቤታችን መሐል እንዴት እንደተገኙ ማስታወስ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ አዲስ አበባ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አልቆባት፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሁሉ ታስቦ ነበር። ቶሎ የሚያድገው፣ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጠው ይህ ዛፍ ደረሰና ከተማዋ እዚያው ቀረች። ከዚያ በየከተማው ተዳረሰ። አያቶቻችን እንደ ባንክ ነበር የሚያዩት። ጥቂት ዓመት ሲሞላው አጠና ሆኖ ይሸጣል፣ ጉቶው ያቆጠቁጣል፣ እንደገና ይሸጣል። ዛፉ ሲተከል ታስቦ የነበረው በልጅነቱ እንዲቆረጥ ነው። ሳይቆረጡ የቀሩት ግን 30 እና 40 ሜትር ቁመት ደረሱ። በዚህ መሐል ግቢው ለልጆች ተከፋፈለ፣ ሰርቪስ ቤት ተሠራ፣ ተከራይ ገባ፣ ማድ ቤት ተቀጠለ። ዛፉ አልመጣብንም፤ እኛ ነን ሥሩ ድረስ ሄደን የተቀመጥነው።

እስቲ ክብደቱን አብረን እናስላው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከውሃ የሚቀል እንጨት አይደለም፤ አንድ ሜትር ኩቡ አንድ ቶን ገደማ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ግንድ አንድ ሜትር ብትቆርጥ የያዝከው ወደ 280 ኪሎ ነው። ሦስት ኩንታል ጤፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። አምስት ሜትር ቁራጭ ከሆነ አሥራ አራት ኩንታል። ይህ ነው እንግዲህ ከአራት ፎቅ ከፍታ በ32 ጌጅ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው። «ከሥር ሆነን በገመድ እንስበዋለን» የሚሉ አምስት ጎረምሶች ይህን ክብደት መውደቅ ከጀመረ በኋላ ሊያቆሙት አይችሉም። ገመዱን እጃቸው ላይ ከጠመጠሙት ደግሞ ይዟቸው ይሄዳል።

«እንጨቱን ውሰድና ቁረጥልኝ» የሚለውን ውል በተለይ ልንጠነቀቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ለሁለቱም ወገን የሚጠቅም ይመስላል። ነገር ግን ቆራጩ ደመወዙ እንጨቱ ከሆነ የሚያስበው ስለ እንጨቱ ነው። ረጅምና ያልተሰባበረ ግንድ የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ከላይ እየቆራረጡ ማውረድ ለሱ ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነው፤ ጊዜውን ይወስድበታል፣ እንጨቱንም ያሳጥርበታል። ቶሎ መገንደስ ያዋጣዋል። የፊቅህ መጻሕፍት ስንዴ ፈጪ ደመወዙን ከሚፈጨው ዱቄት ላይ ቢወስድ ይቻላል ወይስ አይቻልም በሚለው ላይ በሰፊው የተወያዩት በከንቱ አይደለም። ሐነፊዮችና ሻፊዒዮች ከልክለዋል፣ ሐንበሊዮች ፈቅደዋል። የኔ ቦታ መሐላቸው ገብቶ መፍረድ አይደለም፤ ኡስታዝህን ጠይቅ። ነገር ግን የሠራተኛ ዋጋ አስቀድሞ የታወቀ ይሁን የሚለው ነገር ለምን እንደሚከበር እኔ የገባኝ ያን ቀን ሰኔ ላይ ነው። ልጁ ስንት እንደሚያገኝ ራሱም አያውቅም ነበር።

አሁን ስለ ጎረቤት ሐቅ። በሱነን አቢ ዳውድ የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። ሰሙራ ኢብኑ ጁንዱብ በአንድ አንሷሪይ አትክልት ቦታ ውስጥ የቴምር ዛፍ ነበረው። ሰውየው እዚያው ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል፤ ሰሙራ ወደ ዛፉ እየገባ ሲወጣ ይቸገራል። እንዲሸጥለት ጠየቀው፣ እምቢ አለ። በሌላ ቦታ እንዲቀይረው ጠየቀው፣ እምቢ አለ። ጉዳዩ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ደረሰ። እሳቸውም እንዲሸጥ፣ እንዲቀይር፣ በመጨረሻም ምንዳውን ነግረው እንዲሰጠው ጠየቁት። ሁሉንም እምቢ ሲል ጎጂ መሆኑን ነግረውት አንሷሪዩን ሂድና ዛፉን ንቀል አሉት። አንዳንድ የሐዲስ ምሁራን በሰነዱ ላይ መቆራረጥ አለ ብለዋል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሐሳቡ ግን ጉዳት ማድረስም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስ የለም በሚለው በታወቀው መርህ የጸና ነው። እኔን የሚገርመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ መሸጥ፣ ቀጥሎ መቀየር፣ ቀጥሎ መስጠት። መንቀል የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የባለቤቱ ንብረትነት አልተካደም፤ «የኔ ነው» የሚለው ቃል ግን ነገሩን አልዘጋውም።

ሌላም አለ። የሐነፊ ፉቀሃዎች ወደ መንገድ ወይም ወደ ጎረቤት ስላጋደለ ግድግዳ ጽፈዋል። ባለቤቱ «አፍርሰው» ተብሎ ከተነገረው፣ ለማፍረስ የሚበቃ ጊዜ ካገኘና ከተወው፣ ወድቆ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ሳይነገረው ከወደቀ ግን ፍርዱ ይለያል። ግድግዳውን አንሳና ዛፍ አድርገው። ጎረቤታችን ሦስት ክረምት ነግረውናል። በር ላይ ቆመው፣ በጨዋ አነጋገር፣ ምስክር ባለበት። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ይህን ሳነብ ግን የእናቴ «ኢንሻአላህ» ጆሮዬ ላይ ጮኸ። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢሆን ባለንብረት ጎረቤቱን የሚያውክና የሚጎዳ ነገር እንዳያደርግ ያዛል። በሁለቱም በኩል ማምለጫ የለንም።

እንግዲህ መቆረጥ ካለበት እንዴት ይቆረጥ? ጊዜው በጋ ነው፤ መሬቱ ደረቅ፣ ግንዱ የማያንሸራትት የሚሆንበት ወቅት። እኛ ያደረግነው ተቃራኒውን ነው፤ የክረምት ፍርሃት ሲመጣ በክረምት ቆረጥን። ዛፉን ሙሉውን ለመገንደስ ቢያንስ የቁመቱን ሁለት እጥፍ ያህል ባዶ ቦታ ዙሪያውን ያስፈልጋል ይባላል። ይህን ያህል ባዶ ቦታ ያለው ግቢ ደሴ ውስጥ አሳየኝ። ስለዚህ በሰፈር መሐል ያለው ትክክለኛ መንገድ ያ የመጀመሪያው ሰውዬ ያለው ነው። ከላይ ጀምሮ በትንንሹ እየቆረጡ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ሳይቆርጡ በፊት አስረው፣ የገመዱን ሌላኛ ጫፍ ግንዱ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ጠምጥመው ቀስ እያሉ መልቀቅ። ክብደቱን የሚይዘው የሰው ክንድ ሳይሆን በግንዱ ላይ የተጠመጠመው ገመድ ነው። የወጣው ሰው ሁለት መታጠቂያ ይኑረው፤ አንዱን ሲያዛውር ሌላው እንዲይዘው። የራስ ቆብና ጫማ ለፎቶ ብቻ አይደሉም።

ሙሉውን መጣል የሚቻልበት ሰፊ ቦታ ካለም ጥበብ አለው። መጀመሪያ በሚወድቅበት በኩል የግንዱን ሩብ ያህል እንደ አፍ ከፍተህ ትቆርጣለህ፤ ከዚያ በጀርባው በኩል ትንሽ ከፍ ብለህ ትመጣለህ። ሁለቱ ቁርጦች ግን እንዲገናኙ አትፈቅድም። መሐል ላይ የሚቀረው ቀጭን እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ግንዱን ወደታሰበለት አቅጣጫ የሚመራው እሱ ነው። እሱን ጨርሰህ ከቆረጥክ ዛፉ የሚሄድበትን አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው። ያጋደለ ዛፍ ደግሞ ከጀርባ ሲቆረጥ ግንዱ ቁመቱን ተሰንጥቆ ቆራጩን ሊመታ ይችላል፤ ስለዚህ ለጀማሪ የሚሰጥ ሥራ አይደለም።

የኤሌክትሪክ ሽቦ በአጠገቡ ካለፈ ኃይል እስኪቋረጥ ድረስ ማንም አይውጣ። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። «ሽቦውን አልነካም» የሚል ሰው ቅርንጫፉ እንደሚነካለት ዘንግቷል። ውስጡ የበሰበሰ ዛፍ ላይም አይወጣም፤ በመጥረቢያው ጀርባ ሲመታ እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ወይም ሥሩ አካባቢ እንጉዳይ ካበቀለ ምልክት ነው። አንድ ሰው ደግሞ ሥራው መጠበቅ ብቻ ይሁን። መንገዱ ላይ ቆሞ ሰው የሚያግድ፣ ሕፃናትን የሚመልስ። እኛ ጋ ሁላችንም ተመልካች ነበርን፣ ጠባቂ አልነበረም።

ስለ ጉቶው አንድ ነገር ልጨምር። እንደ ደሴ ባለ ተዳፋት ላይ፣ መሬት መንሸራተት ባስቸገረው ከተማ፣ ግንዱን ቆርጦ ሥሩን መተው ይሻላል፤ አፈሩን ለጊዜውም ቢሆን ይይዛል። ጥቁር ዋልካ መሬት ላይ ላላችሁ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ትልቅ ዛፍ ከመሬቱ ውሃ ሲመጥ ኖሮ በአንድ ጊዜ ሲጠፋ፣ አፈሩ ውሃ ይዞ ያብጣል፤ አጠገቡ ያለ ቤት ግድግዳው ሊሰነጠቅ ይችላል። ለዚህ ነው ቤት ጥግ የቆመ ትልቅ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት የሚያውቅ ሰው ማማከር የሚያስፈልገው።

እስካሁን ያልኩትን ይዞ «በቃ ሁሉም ይቆረጥ» የሚል ካለ አልተግባባንም። ባሕር ዛፍ ሌላ፣ ዋርካ ሌላ። ከዋርካ ሥር ሽምግልና ተቀምጧል፣ ገበያ ቆሟል፣ ልጆች ሉሕ ይዘው ቀርተዋል። ወይራና ዝግባን ዛሬ ብትቆርጥ የልጅ ልጅህም ተመሳሳዩን አያገኝም። የሲድር ዛፍን ስለሚቆርጥ ሰው በሱነን አቢ ዳውድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ተዘግቧል፤ አቡ ዳውድ ራሳቸው ሲያብራሩት መንገደኛና እንስሳ የሚጠለልበትን ዛፍ ያለ ሐቅ በከንቱ የሚቆርጥ ማለት ነው ብለዋል። በቆላው ቁርቁራ የምንለው ዛፍ የዚያው ወገን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሰዎችን መንገድ ላይ ያስቸግር የነበረ ዛፍ በመቁረጡ ጀነት ውስጥ ስለታየ ሰው በሙስሊም ተዘግቧል። ሁለቱ አይጋጩም። ጥያቄው ዛፉ ለማን ጥላ፣ ለማን ጉዳት ነው የሚለው ነው። በአንድ መስጂድ ግቢ ሰጋጁ ሁሉ የሚጠለልበት ትልቅ ዛፍ ለኪራይ ሱቅ ተብሎ ሲቆረጥ አይቻለሁ። ሱቁ ገቢ አምጥቷል፤ የጁሙዓ ሰው ግን ዛሬ ፀሐይ ላይ ነው የሚሰግደው። እኔ ብጠየቅ አልስማማም ነበር።

ብዙ ጊዜም የሚያስፈልገው መመልመል ብቻ ነው። የደረቀውንና ወደ ጣሪያ የመጣውን ቅርንጫፍ በዓመት በዓመቱ ማንሳት። አናቱን ጨፍጭፎ እንደ ምሰሶ መተው ግን መፍትሔ አይደለም። ከተቆረጠው ቦታ የሚያቆጠቁጡት ቅርንጫፎች አያያዛቸው ደካማ ስለሆነ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለንፋስ የሚጋለጡት እነሱው ናቸው።

ለወጣቶች የምለው ሁለት ነገር ነው። የምትወጣው አንተ ከሆንክ፣ ከሥር «ጀግና» የሚልህ ሰው ክርንህን አይጠግንልህም። ዋጋህን ሳትወጣ ተነጋገር፣ እርጥብ ግንድና ሽቦ ካለ እምቢ በል። ቤተሰብህ የሚያስቆርጥ ከሆነ ደግሞ አባትህን በአክብሮት «አባዬ፣ ርካሹን አንምረጥ» የምትለው አንተ ነህ፤ እኔ ያላልኩትን። ገንዘቡ የለም ለሚለው አንድ ሐሳብ አለኝ። እድራችን ድንኳን አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ ወንበር አለው። አንድ ወፍራም ገመድ፣ ሁለት መታጠቂያና ሁለት የራስ ቆብ ቢጨምር ለሰፈሩ ሁሉ ይሆናል። ለቀብራችን የሚያወጣ እድር ከቀብር ለሚያስቀር ነገር ማውጣት አይከብደውም። ሥራ ፈላጊ ልጆችም ይህን ሙያ በደንብ ተምረው ቢደራጁበት ሰፈሩ ሁሉ ደንበኛቸው ነው።

የጎረቤታችንን ጣሪያ አባቴ አሠርተዋል። የልጁን የሕክምና ወጪም ከፍለናል። እንጨቱን የወሰደው ሰውዬ ግን «ልጁ በራሱ ፈቃድ ነው የወጣው» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ልጁ ሦስት ወር ሥራ አልሠራም፤ የዚያን ጊዜ የቀን ገቢውን አባቴ ከጡረታቸው በየወሩ እየሰጡት አሁንም አልጨረሱም። ስናሰላው ከመጀመሪያው ሰውዬ ዋጋ በልጧል።

አጥሩ ላይ ሁለት ባሕር ዛፎች ቀርተዋል፤ አንዱ የኛ፣ አንዱ የሌላ ጎረቤት። ለጥቅምት ያንን የመጀመሪያውን ሰውዬ ቀጥረነዋል፤ ሁለቱ ቤቶች ነን የምንከፍለው። እኚያ እናት የድርሻዬን ብለው በመሐረብ ቋጥረው አምጥተው ነበር፤ አባቴ አልተቀበሏቸውም። የልጁ ክርን እስከ መጨረሻው አይዘረጋም። መንገዱ ላይ ቆሞ ሰው የሚያግደው እሱ ነው፤ የቀን ዋጋው ከአሁኑ ተነግሮታል።